አረንጓዴዋ ሙሽራ

እናቷ «ዙልፋ እኮ ማሽኑን አቃጠለችው» ስትል ዙልፋ ከግድግዳው ወዲህ ቆማ ጸጉሯን እያበጠረች ነበር። ግድግዳው ኮምፔርሳቶ ነው። ከወዲያ የእናቷ የራቢዓ የሽንኩርት መጋዘን አለ፤ ከወዲህ የዙልፋ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ክፍል። የሽንኩርቱ ሽታ ወደ እሷ ይገባል፣ የሰርጉ ዘፈን ወደ ሽንኩርቱ ይሄዳል፣ በዚህ ማንም ከማንም ተጣልቶ አያውቅም። ራቢዓ የምታወራው ለእህቷ ለመሪያም ነበር። መሪያም ወደ ገበያ ስትሄድ ጎራ ብላ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ ላቧን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ታዳምጣለች። ክፍሉ መንገድ ዳር ነው አለች ራቢዓ፤ ማሽኑ ከሞተ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ልጄ ኑዕማን ጌም ቤቱን ወደዚህ ቢያዛውር ኪራይ ይቀርለታል፣ ነገ የሚያገባ ወንድ ልጅ ነው፣ ዙልፋም ከእኔ ጋር ሽንኩርት ትመዝናለች። መሪያም ልጅቱ ምን እንዳለች ጠየቀች። ገና አልነገርኳትም አለች ራቢዓ። ከዚያ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዞረ። ማሳ ላይ ዋጋው እንደወደቀ፣ አዲስ አበባ ግን እንዳልወደቀ፣ በመካከል ያለውን ማን እንደሚበላው አላህ ብቻ እንደሚያውቅ ተነጋገሩ። ዙልፋ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች፣ ሻሿን አሰረች፣ ኮምፒዩተሩንም አበራችው።

ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ምንም የታመመ አይመስልም። እንዝ ይላል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ፋይሎቹ በየቦታቸው ናቸው። በሽታው የሚታወቀው ሥራ ሲሰጡት ነው። የማጀቴውን ሰርግ ከፈተችና የሙሽራዋን መግቢያ አጫወተችው። ሙሽራዋ ኑርሃን ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ከመኪና ወረደች፤ ወደ ዳሱ መራመድ እንደጀመረች ግንባሯ ላይ አንድ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ወጣ፣ ቀጥሎ ጉንጯ ላይ፣ ቀጥሎ መላ ፊቷን ያዘው። ወደ ሚዜዎቿም ተዛመተ። ሚዜዎቹ ያለ ፊት እልል አሉ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከማሽኑ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ኮምፒዩተሩም ራሱን በራሱ አጠፋ። ዙልፋ አልደነገጠችም። ይህን ሰርግ ቀርጻ ከማጀቴ ከተመለሰች ጀምሮ በየቀኑ እንደዚሁ ነው።

ያልሞከረችው የለም። የምስሉን ሥራ የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ነቅላ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጋለታለች፣ የሚሰካበትን ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈትጋለታለች፣ ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም አጥፍታ እንደገና ጭናለች፣ ኬብል ለውጣለች። ዩቲዩብ ላይ አንድ ህንዳዊ እንዳዘዘው ካደረገች በኋላ ሌላ ህንዳዊ ያንን በፍጹም እንዳታደርጉ ሲል ሰምታ መልሳ አስተካክላለች። ቤተሰቡም የየራሱን ምርመራ ሰጥቷል። እናቷ ዐይን ነው አለች፤ በዚያ ሁሉ የማጀቴ ሰው ፊት ካሜራ ተሸክማ ስትንጎራደድ ያላያት የለም። መሪያም መብራት ኃይል ነው አለች፤ የእሷንም ፍሪጅ የበላው እሱ ነው። ታናሽ ወንድሟ ኑዕማን ግን ሙቀቱ ነው ብሎ ቁርጡን ተናገረ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንኳን የቻይና ዕቃ፣ ግመልም ያዝላል አለ። በዚህም አላበቃም፣ ከጌም ቤቱ አንድ ቬንትሌተር አንሥቶ አመጣና ወደ ኮምፒዩተሩ አዙሮ ተከለላት። ዙልፋ ያን ቀን ወንድሟን መርቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷን ያልባታል፣ ማሽኑ ንፋስ ይመታል፣ አረንጓዴው ግን እንዳለ ነው።

ሌላ ሰርግ ቢሆን ቀጠሮ ታራዝም ነበር። የሰርግ ፊልም የሚያቻኩለው የመጀመሪያውን ሰሞን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሽሮቹ ራሳቸው መደወል ይተዋሉ። የማጀቴው ግን እንደዚያ አልሆነም። የሙሽራዋ አባት ጋሼ ሰዲቅ አጣዬ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ናቸው። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ቤታቸው ከነዕቃው ሄዷል፣ ልጃቸውን ማጀቴ በወንድማቸው ግቢ የዳሩትም አዲሱ ቤት ገና ስላላለቀ ነው። ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው ፈሪሃ ታመሙ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ዐረፉ። የድሮው ፎቶ ሁሉ ከቤቱ ጋር ነድዷል። ፈሪሃ ደግሞ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴት ስለነበሩ በልጆቻቸው ስልክ ውስጥ ያለው ትከሻቸውና የሻሻቸው ጫፍ ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለውን ፎቶ ማኅተሙ ግማሽ በግማሽ ይዞታል። ጋሼ ሰዲቅ ለዙልፋ ሲደውሉ ፊልሙ ደረሰ ወይ አይሉም። «እሷ አለችበት?» ነው የሚሉት። ዙልፋም አሉበት ትላቸዋለች። ዛሬ ጠዋት ሲደውሉ ደግሞ መናኸሪያ ቆመው መኪና እየጠበቁ እንደሆነ፣ ከዙህር በኋላ እንደሚደርሱ ነገሯት። አልደረሰም ልትላቸው አፏን ከፈተች። «ኢንሻአላህ ይደርሳል» አለቻቸው።

ቁርስ ላይ እናትና ልጅ ትይዩ ተቀመጡ። ራቢዓ ሻይዋን በስኒ ማስቀመጫው ላይ እያፈሰሰች ትጠጣለች፣ ዙልፋ ዳቦውን ትቆርሳለች። እናቷ ማሽንሽ እንዴት አደረ ብላ ጠየቀቻት፤ ዙልፋ እንደዋለ ነው ብላ መለሰች። ሙቀቱ ነው አለች ራቢዓ፣ ዐይን ነው ማለቷን ትታ። ሊሆን ይችላል አለች ዙልፋ። ስለ ክፍሉ እናቷ ታነሣ እንደሆነ ጠበቀች፤ እናቷ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻትና ስኳር ጨመረች። ዙልፋ ከከሚሴ ትዳሯን ፈትታ የተመለሰች ጊዜም እንዲሁ ነበር፣ ሻይ ጠጡ እንጂ ምን ሆንሽ ያላት ሰው አልነበረም። የኒካሕ መህሯን፣ ያንን ወርቅ፣ ሸጣ ኮምፒዩተሩን ስትገዛም እናቷ ሳጥኑን ዞር ዞር ብላ አይታ ይሄ ይበላል ይጠጣል ብላ ብቻ ነው የወጣችው። ቁርሱ ሲያልቅ ዙልፋ ኮምፒዩተሩን በአንሶላ ጠቀለለችው፣ ፊልሙ ያለበትን ዲስክ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ባጃጅም ጠራች። ገና ሳትሳፈር የሰፈሩ መብራት ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ጸጥ ሲል ነው ያወቀችው።

የአብዱረሂም መጠገኛ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ግማሹ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የተንጠለጠለበት፣ ግማሹ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒዩተሮች የተደረደሩበት ጠባብ ሱቅ ሲሆን፣ በሩ ላይ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ስለተቀመጠች የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማንጎ ዋጋ ይጠየቃል። አብዱረሂም የሚያየውን ሳይጨርስ የማይናገር ሰው ነው፤ ደንበኞቹ በዚህ ይማረሩበታል። በሽታውን ዙልፋ ስትነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማና የሙቅ አየር መተኮሻውን አነሣ። ካርዱ ላይ ያለው ብየዳ ላልቶ ከሆነ አሙቀን እንመልሰዋለን አለ፤ አንዳንዱ ይነሣል፣ አንዳንዱ ግን በዚያው ይቀራል። ዙልፋ እጇን ካርዱ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ያንተ ማሽን ላይ ሰክተን እንየው አለችው። ካርዱ ደህና ሆኖ ብናቃጥለውስ? አብዱረሂም አሰበበት፣ መተኮሻውንም ሰቀለ።

ካርዱን ከእሷ ማሽን ነቅለው በእሱ ማሽን ላይ ሰኩት፣ የሰርጉን ዲስክም አገናኙ። አብዱረሂም በርጩማ ሳበላት፣ እሱ ቆመ። ኑርሃን ቀሚሷን ሰብስባ ከመኪና ወረደች። ወደ ዳሱ ተራመደች። ዙልፋ ግንባሯን ግንባሯን ታያለች። ግንባሯ ግንባር እንደሆነ ቀረ፤ ላቧ፣ ከሻሿ ሥር ያፈተለከች ጸጉሯ፣ ሁሉም ይታያል። ሚዜዎቹ ከነፊታቸው እልል አሉ። ምሳው ቀረበ፣ መንዙማው ተጀመረ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አንድም አረንጓዴ ነገር አልወጣም። ማንጎ ሻጯ ሳትቀር አንገቷን አስግጋ ሙሽራዋ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀች። ፊልሙ ብዙ ከሄደ በኋላ አብዱረሂም ካርዱ ምንም የለበትም አለ። ዙልፋ ግን ደስ አላላትም፤ ካርዱ ደህና ከሆነ የታመመው ሌላ ነው ማለት ነው፣ ሌላውን ሁሉ ደግሞ አይታዋለች፤ ከአንድ ነገር በቀር።

አብዱረሂምም ወደዚያው ነበር የሄደው። የእሷን ማሽን በጎኑ አስተኛውና ከታች ያለውን ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ለየዕቃው የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ በባትሪ አየው። ይህ ለቢሮ ጽሕፈት የሚሆን ነው አለ። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ብዙ ይጠይቀዋል፣ ይህ አቅሙ እስከቻለ ይሰጣል፣ ሲያቅተው ያጠፋዋል። ከዚያ «ማን ገጠመልሽ?» አላት። ዙልፋ ጎንበስ ብላ አየች። ስትገዛው የእሷ ሳጥን ጥቁርና ወፍራም ገመድ ያለው ነበር። ይህ ግራጫ ነው፤ ጎኑ ላይ የአንድ የደሴ ሱቅ ስቲከር ተለጥፎበታል። ሱቁን ታውቀዋለች። ኑዕማን የመጀመሪያውን ኮምፒዩተሩን ሲገዛ አብራው ደሴ ሄዳ የተከራከረችለት እሷ ነበረች። የብሎኖቹ ራስ አዲስ ጭረት አለበት፣ አንዱ ብሎን ደግሞ ጨርሶ የለም። «ስገዛውም ይሄው ሳይሆን አይቀርም» አለች ዙልፋ። አብዱረሂም ጭረቱን አየ፣ እሷን አየ። ካርዱን የሚችል ሳጥን በሱቁ እንደሌለ፣ ከደሴ ቢያዝም ዛሬ እንደማይደርስ ብቻ ነገራት። በእሱ ማሽን እንዳትሠራ ማቀናበሪያ ፕሮግራሟ የለበትም። ዙልፋ ካርዱን መልሳ በራሷ ማሽን ላይ ሰካችና ብሎን መፍቻ እንዲያውሳት ለመነችው።

የኑዕማን ጌም ቤት ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም። መስመሩ ሌላ ስለሆነ መብራት አለ። በሩ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ተጋርዷል፣ ውስጡ ጨለማ ሆኖ የላብና የፕላስቲክ ወንበር ሽታ አለው። ግድግዳው ሥር ሁለት አሮጌ ፕሌይስቴሽኖች አሉ፤ በመካከል ግን ሰው ሁሉ የሚሻማበት፣ ትልቁ ስክሪን የተገጠመለት ኮምፒዩተር ነው። ዙልፋ ከባጃጅ ነጂው ጋር ማሽኗን ተሸክማ ስትገባ ኑዕማን ራሱ እየተጫወተ ነበር። «ሙቀቱ ነው አይደል?» አላት፣ ዐይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

«ሳጥኔን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለችው።

ኑዕማን ጨዋታውን አቆመ። ምን ሳጥን ሊል ይመስላል፣ ግን በእጇ የያዘችውን መፍቻ አየና ተወው። የተጫዋቾቹን ፊት አየ። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ «እማ ታውቃለች» አለ።

ዙልፋ ማሽኗን መሬት ላይ አስቀመጠች። ኑዕማን አንዴ ስለጀመረ ሁሉንም ነገራት። እሷ ማጀቴ በሄደችበት ሰሞን አዲሱ ጌም በእሱ ማሽን ላይ አልሄድ ብሎት ነበር፤ ለእናታቸው ከዙልፋ ማሽን አንድ ዕቃ ልዋስ ብሎ ነገራት፤ እናታቸውም ከሄደች ምን ይሠራላታል፣ ውሰድ አለችው። እሱም ባዶውን አልተወውም፣ የራሱን ገጠመላት። ይበቃታል ብሎ ነበር። እንዳልበቃት ሲያይ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያለ ቆየ፣ ከቆየ በኋላ ደግሞ የሚነገር አልሆነም። ስለ ክፍሉም ያነሣችው እማ እንጂ እኔ አልጠየቅኋትም አለ። ዙልፋ ቬንትሌተሩስ ብላ ጠየቀችው። ቬንትሌተሩማ እውነት ነው አለ ኑዕማን፤ ሙቀትም እኮ አለ።

እስከ ማታ እንድትታገሠው ለመናት። ሰዎቹ ከፍለው ነው የተቀመጡት፣ ማታ ራሱ ቤት ድረስ አምጥቶ ይገጥምላታል። ዙልፋ ጋሼ ሰዲቅ መንገድ ላይ መሆናቸውን፣ ለምን እንደሚመጡም ነገረችው። ኑዕማን ይህን አያውቅም ነበር። ፈሪሃ መሞታቸውን ራሱ የሰማው አሁን ነው፤ ከከተማው ሰው ሁሉ ወሬ የማይደርሰው ጌም ቤት ለሚቀመጥ ሰው ነው። ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ የተቀመጠው ባለጋራው ጨዋታውን እንጨርስ ብሎ ጠየቀ። ዙልፋ መፍቻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጨዋታው እስኪያልቅ ጠበቀች። ኑዕማን ተሸነፈ።

የኑዕማንን ማሽን ከግድግዳ ነቅለው ሁለቱንም ማሽኖች ጎን ለጎን አስተኟቸው። እሷ ስትፈታ እሱ የስልኩን መብራት ያዘላት። ጥቁሩ ሳጥን ከእሱ ማሽን ውስጥ ወጣ፣ ግራጫው ከእሷ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። እሷ እጇን ስትዘረጋ እሱ ብሎን ያቀብላታል፣ የትኛው ብሎን እንደሚያስፈልጋትም ሳትነግረው ያውቃል። የጎደለውን ብሎን ከመሳቢያው ውስጥ ፈልጎ ሰጣት። ሲጨርሱ የእሷን ማሽን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኙና አበሩት። ኑርሃን ወረደች፣ ተራመደች፣ ዳሱ ውስጥ ገባች። በእንጨት ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ምስሉ ከጌሙ ይበልጣል አለ።

የቀረው ሥራ ብዙ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን ቀድማ ጨርሳው፣ አንድ ፊልም አድርጎ ማውጣት ነበር ያቃታት። ነገር ግን አሁን ሲሠራላት ወዲያው አላወጣችውም። እንደ ልማዷ ያስወገደችውን ቁርጥራጭ ሁሉ እንደገና ከፈተች። ሰርግ ላይ አትቅረጪኝ ያለ ሰው ይቆረጣል፤ ከካሜራው ፊት ሳህን ይዞ የሚያልፍም፣ ጀርባውን የሰጠም ይቆረጣል። ፈሪሃ ያሉት እዚያ ነበር። ከዳሱ ጀርባ አስተናጋጆቹን ሲቆጡ፣ የእጅ ማስታጠቢያ ይዘው በሽማግሌዎቹ መካከል ሲያልፉ፣ አንድ ሕፃን ከወጥ ድስት አጠገብ ጎትተው ሲያነሡ፣ መንዙማው ላይ ሳያስቡት በአንድ እጃቸው ጭናቸውን ሲመቱ። አንዱን በአንዱ ላይ ቀጥላ ከሙሽራዋ መግቢያ በኋላ አስገባቻቸው። ሙዚቃ ያለበሰችበትን ቦታ ሙዚቃውን አነሣችና የራሳቸውን ድምፅ መለሰች። ከዚያ እንዲያወጣው አዘዘችውና ጥቁሩ ሳጥን እንዴት እንደሚተነፍስ እያዳመጠች ተቀመጠች። ተንፍሶ ተንፍሶ ጨረሰው።

ጋሼ ሰዲቅ የደረሱት ወደ ቤት ነበር። ራቢዓ መብራት የለም ብላ ልትመልሳቸው ስትል ዙልፋ ደውላ ጌም ቤት አምጪያቸው አለቻት። መጋረጃው ተገልጦ ሁለቱም ገቡ። ጋሼ ሰዲቅ ረጅም፣ ኮታቸው አቧራ የጠጣ፣ በእጃቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨርቅ የያዙ ሰው ናቸው፤ ጨርቁ ለዙልፋ ከሱቃቸው የቆረጡላት ነው። ራቢዓ ከኋላቸው ቆማ ነበር። መሬት ላይ ያለውን ግራጫ ሳጥን አየች፣ ክፍቱን የኑዕማንን ማሽን አየች፣ በዙልፋ እጅ ያለውን መፍቻ አየች። ዙልፋም እናቷን አየቻት። ኑዕማን ለጋሼ ሰዲቅ ደህናውን ወንበር ጠርጎ ሰጣቸው፤ የተጫዋቾች ወንበር ስለሆነ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ቀረበ። ፕሌይስቴሽኖቹ ላይ ያሉት ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ድምፁን ዘጉት።

ሙሽራዋ ስትገባ ጋሼ ሰዲቅ ማሻአላህ አሉ፣ እንደማንኛውም አባት። ከዚያ ፈሪሃ ከዳሱ ጀርባ በሳህን ክምር መካከል ታዩ። ጋሼ ሰዲቅ ትንሽ ወደፊት አዘነበሉ። ማስታጠቢያው መጣ፣ ሕፃኑ መጣ፣ መንዙማው መጣ። በመጨረሻ ካሜራው ቀረበ፤ ፈሪሃ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው እጃቸውን በመሀረብ እየጠረጉ ነበር። ሌላ ጊዜ እንደሚያደርጉት ፊታቸውን ሊያዞሩ አሉና ሳቃቸው ቀደማቸው።

«እኔን ተይኝ፣ ሙሽራዋን ቅረጪ» አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉና ከካሜራው ወዲያ ወዳለ ሰው ተጣሩ፦ «ሰዲቅ የት ሄደ? ምሳ አልበላም እኮ።»

«በልቼ ነበር» አሉ ጋሼ ሰዲቅ።

ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ለማንም አልነበረም። ፊልሙ ወደ ሽማግሌዎቹ ምርቃት አለፈ። ጋሼ ሰዲቅ ያንን ቦታ መልሺልኝ አሏት፣ ዙልፋም መለሰችላቸው። ሁለተኛው ላይ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪያልፍ አዩት። ራቢዓ በሩ ላይ እንደቆመች በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍናለች። ፈሪሃን አታውቃቸውም፤ ግን በልጇ ሰርግ ቀን የእንግዳውን ሁሉ ምሳ እየተከታተለች ሳትበላ የዋለች ሴት ምን እንደምትመስል ለማወቅ መተዋወቅ አያስፈልጋትም ነበር።

ዙልፋ ፊልሙን በሁለት ፍላሽ ገልብጣ ሰጠቻቸው፣ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲቀር። ጋሼ ሰዲቅ ተቀብለው በውስጥ ኪሳቸው ከተቱና የሄዱ ሲመስሉ ዞር አሉ። ማሽኑን አዩት። የቤቱ ባለቤት ኑዕማን መሆኑን ከሁኔታው ስላወቁ ወደ እሱ ተመለከቱ።

«ይህ ዕቃ የማን ነው? ያንተ ነው ልጄ? ባለቤቱን ልመርቅ ብዬ ነው» አሉት።

ኑዕማን አፉን ከፈተ። ከዚያ እናቱን አየ። ዙልፋ ማንንም አላየችም፤ የማያስፈልገውን ኬብል ትጠቀልል ነበር። ራቢዓ አፏን ከሸፈነው ሻሽ ላይ እጇን አወረደች።

«የዙልፋ ነው» አለች። «መህሯን ሸጣ የገዛችው ነው።»

ጋሼ ሰዲቅ መዳፋቸውን ዘረጉ። ጎረምሶቹም መቆጣጠሪያዎቹን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። አላህ ዕቃሽን ይባርክልሽ፣ እጅሽን ከመከራ ይጠብቅልሽ፣ ለሰው ያቆየሽውን ለአንቺም ያቆይልሽ አሉ ጋሼ ሰዲቅ፤ ለሟቿም ዱዓ አደረጉ። ሁሉም አሚን አለ። የኑዕማን አሚን ከሁሉ ጎላ ብሎ ተሰማ፣ የራቢዓ ከሁሉ ዘገየ። ከዚያ ወደ አጣዬ የሚመለስ መኪና ሳያመልጣቸው ኑዕማን ሊሸኛቸው ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ከጎረምሶቹ ጋር ቀሩ። ዙልፋ ማሽኗን ከስክሪኑ ነቀለች፣ ክዳኑን ገጠመች፣ በአንሶላው ጠቀለለችው። እናቷ ኑዕማን ሲወስደው ብረት ብቻ መስሎኝ ነበር አለቻት፤ አንድ ብረት ወጥቶ ሌላ ብረት የገባ። ዙልፋ አንሶላውን አሰረች። «ማሽኑ ሲታመምስ?» አለች። ዙልፋ ባጃጅ ልትጠራ ስትወጣ ራቢዓ ጎንበስ ብላ ማሽኑን አነሣችው። ለሽንኩርቱ የቀን ሠራተኞች ስላሏት ከባድ ነገር ከተሸከመች ዓመታት አልፈዋል። ዙልፋ ስጪኝ አለቻት፣ አልሰጠቻትም። በአስፋልቱ ዳር፣ በሙቀቱ መካከል፣ ማሽኑን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ከፊት ከፊት ሄደች። የሽንኩርት ደላላው ኸድር ከጥላ ሥር ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣት።

«እትዬ ራቢዓ፣ ያ ተቃጠለ የተባለው ነው እንዴ?» አላት።

«አልተቃጠለም» አለች ራቢዓ፣ ሳትቆም።

ክፍሉ ሲደርሱ መብራቱ ገና አልመጣም። ራቢዓ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ አንሶላውን ፈታች፣ አጣጠፈችው። ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። እንደምትሄድ ዙልፋ ጠብቃ ነበር፤ ራቢዓ ግን ከጠረጴዛው በስተኋላ ጎንበስ አለችና ከግድግዳው ሥር የተንዘላዘሉትን ገመዶች አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። አንዱን በእጇ ይዛ ጫፉን አየችው፣ ማሽኑ ጀርባ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አየች።

«ይሄስ የት ነው የሚገባው?» አለች።

እናቷ ገመዱን እንደያዘች፣ ጎንበስ እንዳለች ጠበቀች። ከዚያ ዙልፋ ከጎኗ ተንበረከከችና በጣቷ አሳየቻት።